ከውጭ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ዊልቸር፦ ባትሪው ሳይሞት ድሬ እንዲገባ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ማለፍ አልቻልኩም። ወንድምሽ 16 ዓመቱ ነው፤ የጡንቻ መመንመኑ እየባሰ ሄዶ አሁን እጁም መድከም ጀምሯል፤ አጎታችሁ ከአሜሪካ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ዊልቸር ሊልክ ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ምን እንጠንቀቅ ነው ያልሽው። ስለ ወንበሩ ስፋትና ቁመት ሌሎቹ ጽፈውልሻል። እኔ ገንዘቡም ተስፋውም የሚቀርበትን ቦታ ልንገርሽ፤ ባትሪው ነው።

1. ከመላኩ በፊት። እነዚህ ወንበሮች ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ ተያይዘው 24 ይሰጣሉ። አብዛኞቹ ጄል ወይም ኤጂኤም የሚባሉ የታሸጉ የእርሳስ ባትሪዎች ናቸው። ይህ ባትሪ ጎድሎ ከተቀመጠ ውስጡ ሰልፌት የሚባል ጨው ይጋገርበትና ከዚያ ወዲያ ቻርጅ አይቀበልም። ወንበሩ ጠፍቶም ቢሆን ኮንትሮለሩ (ሞተሮቹን የሚያዘው ክፍል) ትንሽ ትንሽ ይስባል። ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ባትሪው በራሱ ጊዜ ይወርዳል፤ በየ10 ዲግሪው ፍጥነቱ እጥፍ ገደማ ነው። ጂቡቲ ላይ ፀሐይ የሚመታው ኮንቴይነር ውስጥ ምን እንደሚሆን አስቢው። ስለዚህ አጎትሽ ሙሉ ቻርጅ አድርጎ፣ ባትሪውን ከወንበሩ ጋር የሚያገናኘውን ሶኬት ነቅሎ፣ ጫፉን በቴፕ ጠቅልሎ ይላከው። ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

እኛ ያስመጣነው ወንበር አንድ ወረቀት ሲሟላ ሌላ እየተጠየቀ 4 ወር መጋዘን ተቀመጠ። አንድ ሌሊት ብቻ ቻርጅ ይደረግልን ብለን ስንለምን ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን «ወንበር ደግሞ ምን ይበላል?» አለን። ሁለቱም ባትሪ ሞቶ ወጣ። አንቺ የሐኪም ማስረጃውን፣ አጎትሽ ስጦታ መሆኑን የጻፈበትን ደብዳቤ፣ ያገለገለና ለግል መጠቀሚያ መሆኑን የሚገልጽ ዝርዝር፣ ባትሪው የማይፈስ የታሸገ ዓይነት መሆኑን የሚያሳይ ፎቶ ዕቃው ሳይደርስ አዘጋጂ። «የጎደለውን ሁሉ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ስጡኝ» በያቸው፤ ቃል ብቻ ይዘሽ አትውጪ።

2. ሲደርስ ወዲያው ሶኬት ላይ እንዳትሰኩት። መጀመሪያ የቻርጀሩን ጀርባ አንብቢ። 100–240 ቮልት ካለ ሰላም ነው። 115 ወይም 120 ብቻ ካለ የእኛ 220 እዚያው ያቃጥለዋል። ከዚያ ቴስተር ያለው ኤሌክትሪሻን ጥሪና እያንዳንዱን ባትሪ ለየብቻ አስለኪ። ሙሉ ቻርጅ ሆኖ ግማሽ ቀን ያረፈ ባትሪ 12.8 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሹ ሄዷል። ሲያርፍ ደህና መስሎ ሰው ተቀምጦበት ሲነዳ ከ10.5 በታች የሚወርድ ባትሪ ግን አልቋል፤ ማንም «ይሠራል» ቢልሽ አትመኚው።

3. መተካት ካለበት፣ አቦ፣ የመኪና ባትሪ እንዳታስገቡ! የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጉልበት ለመስጠት የተሠራ ነው። ዊልቸር ቀስ እያለ ቀኑን ሙሉ ስለሚስበው በጥቂት ሳምንት ይደክማል፤ አንዳንዱ አሲዱም ይፈሳል፤ ልጁ ደግሞ በላዩ ነው የሚቀመጠው። የምትፈልጊው «ዲፕ ሳይክል» የሚባለውን የታሸገ ባትሪ ነው፤ ሶላር የሚሸጡ ሱቆች ጋር ጠይቂ። ስትሄጂ የአሮጌውን ርዝመት፣ ስፋት፣ ከፍታና አምፔር-ሰዓቱን (Ah ተብሎ የተጻፈውን፣ የሚይዘውን መጠን) ጽፈሽ ሂጂ፤ 35፣ 50 ወይም 75 አካባቢ ይሆናል። ሶላር ቤት በብዛት የሚታየው ባለ 100ው ሳጥኑ ውስጥ አይገባም። ሁለቱም አንድ ላይ ይቀየሩ፤ ማርካቸውም የተሠሩበት ጊዜም አንድ ይሁን። አንዱን አዲስ አንዱን አሮጌ ካደረግሽ አሮጌው አዲሱን ይዞት ይወርዳል።

በዚሁ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ነገር አለ። ሙቀቱ ሲብስ ትንሽ ማራገቢያ ወይም ስልክ ከአንዱ ባትሪ ላይ ብቻ ሽቦ ይቀጥላሉ፣ 12 ቮልት ስለሆነ። ያ ባትሪ ከጓደኛው ቀድሞ ይጎድላል፤ ቻርጀሩ ግን ሁለቱን እንደ አንድ ነው የሚያየው፤ አንዱ ሳይሞላ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል። ማራገቢያ ካስፈለገ ከሁለቱም ከ24 ወስዶ ወደ 12 የሚያወርድ መቀየሪያ ያስገቡ።

ቻርጅ በየቀኑ ማታ ነው፣ ትንሽም ቢሆን የተነዳ ቀን። «ጨርሶ ይለቅና» የሚባለው ለዚህ ባትሪ መርዝ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ 35 ዲግሪ በሚገባበት ከሰዓት ባትሰኩት ይሻላል፤ ሌሊት ነፋስ በሚገባበት ይሁን። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ቻርጀር ስለሚያቃጥል ስታቢላይዘር አድርጉ፤ መብራት ሲጠፋ ንቀሉት።

አሁን ወደ እጁ። ዛሬ ጆይስቲኩን (ወንበሩ የሚነዳበትን ትንሽ ዘንግ) ይገፋ ይሆናል፤ ሕመሙ ግን አይቆምም፣ ወንበሩ አብሮት መለወጥ መቻል አለበት። ስለዚህ የኮንትሮለሩን ዓይነት አሁኑኑ አጣሪ። ቪአር2 (VR2) የሚባለው ቀላል ነው፤ በአገጭ ወይም በጭንቅላት ወደሚነዳ መቆጣጠሪያ ለመሸጋገር አልተሠራም። አር-ኔት (R-net) የሚባለው ይቀበላል። ፍጥነቱን፣ የእጅ መንቀጥቀጡን የሚያለዝበውንና ጆይስቲኩ ስንት ሲገፋ እንደሚሄድ የሚወስነውን ማስተካከል የሚቻለው ፕሮግራመር በሚባል የባለሙያ መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ እዚህ ይገኛል ብለሽ አትተማመኚ፤ እዚያው አሜሪካ ሳለ ለደካማ እጅ ያስተካክሉት። ድሬ ላይ ራሳችሁ የምትችሉት ክንዱ ከክርኑ እስከ አንጓው ሙሉ በሙሉ እንዲያርፍ መደገፊያውን ማስተካከል ነው፤ ክንዱ ከተንጠለጠለ ጉልበቱ ጆይስቲኩ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። ጣቶቹ መጨበጥ ካቃታቸው ጫፉ ላይ የተበሳ የቴኒስ ኳስ ያስገቡለት።

ለስልኩም፣ ጂቦርድ (የጉግል የስልክ ኪቦርድ) ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአማርኛ የተነገረውን ይጽፋል። መተየብ ሲያደክመው ከመናደዱ በፊት አሁን ይልመደው።

ወንበሩ ሙሉውን ወደ ኋላ የሚያጋድል ከሆነ በየግማሽ ሰዓቱ ለ2 ወይም 3 ደቂቃ ደህና አድርጎ ይጋደል። ከትራሱ ላይ የፕላስቲክ ሽፋኑን አውጥታችሁ ጥጥ አልብሱት፤ በድሬ ሙቀት ላብ ሲያቁር ቆዳው ይላላል። ጠዋትና ማታ ጭራ አጥንቱንና ዳሌውን እዩ። በእኛ ቆዳ መቅላቱ ስለማይታይ በእጅ ጀርባ ዳስሱ፤ ከአካባቢው የሞቀ ወይም የጠነከረ ቦታ ካለ ያ ቦታ እስኪመለስ አይቀመጥበት። ጠዋት ራስ ምታት ካለው ወይም ሌሊት እየባነነ ከሆነ ግን የአተነፋፈስ ጡንቻው ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ጋ ቶሎ ውሰዱት።

መውጫችሁ ላይ ደረጃ ካለ ላሜራ የሚበይድ ሰው መወጣጫ ይሠራላችኋል፤ ለ15 ሳንቲሜትር ከፍታ 180 ሳንቲሜትር ርዝመት። ከዚያ ካጠረ ወደ ኋላ ሊገለብጥ ይችላል። ከዚራ ሰፈር ሜዳ ስለሆነ ደስ ብሎት ይነዳል፤ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ግን አይግባ፣ የፊት ጎማው ሰጥሞ ሞተሩ ይግላል። ከሞተሮቹ ጋር ያለው ማላቀቂያ ዘንግ ለመግፋት ሲለቀቅ ፍሬኑም አብሮ ይለቀቃል፤ ቁልቁለት ላይ ልጁ ተቀምጦበት እንዳትነኩት። የሚታጠፈውን የእጅ ዊልቸር ደግሞ ለማንም አትስጡ፤ ባጃጅ ላይ የሚወጣው እሱ ብቻ ነው፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ ዘመድ ስትጠይቁም መተላለፊያዎቹ ጠባብ ስለሆኑ ያው እሱ ነው የሚያገባችሁ።

ዛሬ ማታ ለአጎትሽ ሦስት ፎቶ ላክልኝ በይው፦ የጆይስቲኩን ፊት፣ የቻርጀሩን ጀርባ፣ ባትሪዎቹ ላይ የተጻፈውን ቀን። እዚሁ ስትለጥፊው አይቼ እነግርሻለሁ።