ስለ ጌም ቦይ ፍላሽ ካሴት ለጠየቃችሁኝ

ስለ ጌም ቦይ፣ ማለትም በእጅ ስለሚያዘው የኔንቲዶ የጌም ማሽን፣ የጠየቃችሁኝን ሰብስቤ አንድ ላይ እመልሳለሁ። የካሴቱን ባትሪ በሚመለከት ትንሽ ረዘም አድርጌያለሁ፤ ብዙ ሰው ሴቩን (ጌሙ ላይ የደረሰበትን ያስቀመጠበትን) የሚያጣው እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ፍላሽ ካሴት ምንድን ነው?

መልኩ እንደማንኛውም የጌም ካሴት ነው፤ ግን ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ይገባበታል። የጌሞችህን ኮፒ ካርዱ ላይ ትጭናለህ፣ ማሽኑ ላይ ትሰካዋለህ፣ ከሚመጣው ዝርዝር ትመርጣለህ። ለጌም ቦይ ኤቨርድራይቭ፣ ከሱ በኋላ ለመጡት የኔንቲዶ ማሽኖች ደግሞ፣ ለጌም ቦይ አድቫንስ ኢዚ ፍላሽ፣ ለዲኤስ አርፎር የታወቁ ናቸው።

ጥያቄ፦ ፖኪሞን ጎልድ የሚባለው የጌም ቦይ ጌም አለኝ፤ ኦሪጅናሉ እያለኝ ባክአፕ (መጠባበቂያ ኮፒ) ምን ያደርግልኛል?

ካሴትሽ ውስጥ ሲአር2025 የምትባል ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ አለች። ሴቭሽን የያዘችው እሷ ናት። የጌሙን ሰዓትም የምታስኬደው እሷው ስለሆነች ቶሎ ትደክማለች። ስታልቅ ጌሙ ይነሳል፤ ሴቩ ግን የለም። እኔ አንድ ቀን ስከፍተው «ኮንቲኒው» የሚለው ጠፍቶ «ኒው ጌም» ከላይ ተቀምጦ አገኘሁት። የስንት ክረምት ልፋት ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል። ስለዚህ ዛሬውኑ ሴቭሽን አውጪ።

ጥያቄ፦ እንዴት ነው የሚወጣው?

እንደ ጂቢኤክስካርት ያለ ማንበቢያ አለ። ካሴቱን ትሰኪበታለሽ፣ በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር ይገናኛል። መጀመሪያ የካሴቱን ጥርሶች (ማሽኑ ውስጥ የሚገቡትን የብረት መገናኛዎች) አልኮል በነካ ጥጥ ጥረጊ፤ ጥጡ ጠቁሮ ይወጣል። ጌሙና ሴቩ ለየብቻ ፋይል ናቸው። ሁለቱንም ሁለት ሁለቴ አውጪና አወዳድሪ። ካልተመሳሰሉ ጥርሱ ገና አልጠራም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ባትሪውን ልቀይረውስ?

ሴቩን ሳታወጣ እንዳትነካው! ባትሪው ሲነሳ ሴቩም አብሮ ይሄዳል። የካሴቱ ብሎን 3.8 ሚሊሜትር የሆነ ልዩ መፍቻ ይፈልጋል። ባትሪው የተበየደ ስለሆነ ካውያ መያዝ የሚችል ሰው ይሥራው። ከዚያ ሴቩን መልሰህ ትጭናለህ።

ጥያቄ፦ ፍላሽ ካሴቴ ላይ ሴቭ አድርጌ አጠፋሁት፤ ስከፍተው የለም።

አንዳንዶቹ ሴቩን ካርዱ ላይ የሚጽፉት ወደ ሜኑ ስትመለስ ነው። ከማጥፋትህ በፊት ተመለስ። ካርዱም ፌክ እንዳይሆን አስፈትሸው።

ጥያቄ፦ ሕጋዊ ነው?

እንደ አገሩ ይለያያል። በ2010 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ፍርድ ቤት የዲኤስ ፍላሽ ካሴት ማስመጣትና መሸጥ ሕገወጥ ነው ብሏል። እኔ የምረዳው የራሱን ካሴት ለሚያስቀምጥ ሰው ነው። ያልገዛኸውን ጌም ከኢንተርኔት ማውረድ ባክአፕ አይባልም፤ በዚህ አትጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ፖኪሞን ሩቢ ባትሪው አልቋል ይለኛል። ሴቬ ጠፋ?

አይዞሽ፣ አልጠፋም። የአድቫንሱ ሩቢ ሴቩን የሚይዘው ባትሪ በማይፈልግ ሜሞሪ ላይ ነው። የቆመው ሰዓቱ ብቻ ነው። ጌሙ ውስጥ የተከልሻቸው ቤሪዎች (ፍሬዎች) አያድጉም፣ በሰዓቱ የሚሄዱ ሌሎች ነገሮችም ይቆማሉ፤ ሴቭሽ ግን እንዳለ ነው።