በኮንትራ ዳንስ አዲስ ሰው እንዴት ይቀበሉታል? ስለ ሚክሰር ለጠየቃችሁኝ

ኮንትራ ዳንስ በአሜሪካ፣ በተለይ በኒው ኢንግላንድ፣ ሥር የሰደደ የማኅበረሰብ ጭፈራ ነው። ሰዎች በሁለት ረዣዥም ረድፎች ፊት ለፊት ይቆማሉ። ባንዱ እዚያው ቫዮሊንና ፒያኖ ይጫወታል። ኮለር የሚባለው ሰው ቀጣዩን እርምጃ በማይክ ይናገራል። በዋሽንግተን ዙሪያ የምትኖሩ አንዳንዶቻችሁ አይታችሁት ጥያቄ ልካችሁልኛል። አብዛኛው ጥያቄ ስለ ሚክሰር ነውና ከዚያው ልጀምር።

ጥ፦ ሚክሰር ምንድን ነው?

አብሮህ የሚጨፍረው ሰው በየዙሩ የሚቀየርበት ጭፈራ ነው። በተለመደው ኮንትራ ፓርትነርህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው። በሚክሰር ግን ዜማው አንድ ዙር በጨረሰ ቁጥር ወደ ሌላ ሰው ታልፋለህ። ብዙውን ጊዜ በትልቅ ክብ ይጨፈራል።

ጥ፦ በኮንትራም እኮ በረድፉ ላይ እየተጓዝን ከብዙ ሰው ጋር እንገናኛለን። ታዲያ ሚክሰር ለምን አስፈለገ?

ጥሩ ጠየቅሽ። አንዱ ዙር 64 ምት ነው፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ ከዚያ ሌላ ጥንድ ፊትሽ ይመጣል። ፓርትነርሽ ግን ያው ነው። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። አዲስ ሰው ብዙ ጊዜ ከጓደኛው ጋር ይመጣል። ሁለቱም አያውቁም፣ አብረው ይቆማሉ፣ አብረው ግራ ይጋባሉ። ብቻውን የመጣው ደግሞ የባሰ ነው። ነባሮቹ አንዱ ጭፈራ ሳያልቅ ለቀጣዩ ይቀጣጠራሉ፤ እሱ ጥግ ይዞ ስልኩን ይነካካል። እንዲህ ያመሸ ሰው ተመልሶ አይመጣም።

ሚክሰር ሲጀመር ማንም ማንንም መለመን የለበትም። ጀማሪው በየዙሩ አንድ የሚያውቅ ሰው ይደርሰዋል። እጁን ይዘው ያዞሩታል፣ ስሙን ይጠይቁታል፣ ለቀጣዩ ሰው ያስተላልፉታል። ሲያልቅ ከአዳራሹ ግማሹ መልኩን ያውቀዋል። ለሚቀጥለው ጭፈራ የሚጋብዘው አያጣም።

ጥ፦ አንዱን ከነእርምጃው ብታሳየን?

ከኩቤክ የመጣውን «ላ ባስትራንግ» ልውሰድ። ሁሉም በክብ እጅ ለእጅ ይያያዛል፤ ከጥንዱ በግራ የሚቆመውን መሪ እንበለው፤ ፓርትነሩ በቀኙ ናት። አራት እርምጃ ወደ መሀል፣ አራት ወደ ኋላ፤ ይደገማል። ከዚያ ክቡ በሙሉ ስምንት እርምጃ ወደ ግራ፣ ስምንት ወደ ቀኝ ይዞራል። አሁን መሪው በግራው ያለችውን ይይዛል፣ በክንዱ ሥር ያሳልፋታል፣ ተያይዘው በፍጥነት ይሽከረከራሉ። ይሄ ስዊንግ ይባላል። በመጨረሻ በቀኙ አድርጓት ጎን ለጎን ይራመዳሉ። አዲሷ ፓርትነሩ እሷ ነች። ዙሩ እንደገና ይጀምራል።

አያችሁ፣ የሚሸመደድ ነገር የለም። ወደ መሀል ሲገባ ሁሉም ይገባል፣ የተሳሳተውም በሁለቱ ጎረቤቶቹ እጅ ተስቦ ይሄዳል።

ጥ፦ ፓርትነሬ ብትጠፋብኝስ?

ወደ ክቡ መሀል ግባ፣ እጅህን አንሳ። እንዳንተ የጠፋባት ሌላ ሰው እዚያው ታገኛለህ። ይሄ የታወቀ መፍትሔ ነው።

ጥ፦ እኔ ጭፈራ አዘጋጃለሁ። ሚክሰር ሲባል ነባሮቹ ሄደው ይቀመጣሉ። ምን ላድርግ?

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ነባሮቹ ከተቀመጡ ጀማሪ ለጀማሪ ይቀራል፣ ሚክሰሩም ትርጉም ያጣል። በማይክ አትቆጣቸው። ጭፈራው ከመጀመሩ በፊት ሰው የሚሰማቸውን ጥቂቶች ለብቻ አነጋግር፦ «ዛሬ አዲስ ሰዎች አሉ፣ ተነሡልኝ» በላቸው። አንድ ምሽት ላይ አንድ ሚክሰር ይበቃል፤ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ተራ ላይ ይሁን። ከዕረፍት በኋላ ካደረግከው ግማሾቹ አዲሶች ሄደዋል። አጭር ይሁን። ለባንዱም ጥሩውን ዜማ ለዚህ እንዲያስቀምጥ ንገር። ሚክሰርን እንደ ግዴታ ካቀረብከው ሰው እንደ ግዴታ ያየዋል።

ጥ፦ እዚያ ጥቁር ሰው ብዙም አይታይም ይባላል። እኛን በደስታ ይቀበሉናል?

እውነቱን ልንገርህ፣ ብዙ ቦታ አብዛኛው ጨፋሪ ነጭ ነው። በሜሪላንድ ግሌን ኤኮ በሚባለው የቀድሞ የመዝናኛ ፓርክ ያለው የስፓኒሽ አዳራሽ በ1933 የተሠራ ነው፤ ዛሬ ኮንትራ ይጨፈርበታል። ያኔ ግን ፓርኩ ጥቁር ሰው አያስገባም ነበር። በ1960 የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የሰፈሩ ነዋሪዎች በሩ ላይ ተሰልፈው ተቃወሙ፣ አንዳንዶቹም ታሰሩ። በ1961 ፓርኩ ለሁሉም ተከፈተ። ስለዚህ በዚያ ወለል ላይ «ማን ማንን ያስነሣል» የሚለው ነገር ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሚክሰርን የምወደው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ መመረጥን ሳትጠብቅ ክቡ ውስጥ ነህ። ከክቡ በኋላ ማን እንደሚጋብዝህ ደግሞ የሰዎቹን ልብ ያሳይሃል።

ጥ፦ ልጄ፣ ስልሳ አልፎኛል፣ ጉልበቴም ያመኛል። የማላውቀው ወንድ ሲያቅፈኝም አልወድም። ልምጣ?

እማማ፣ ይምጡ። ኮንትራ በእርምጃ ነው፣ መዝለል የለበትም። ሲደክምዎት ይቀመጡ፣ ማንም አይቀየምም። መሽከርከሩ ላይ ሁለት እጅዎን ዘርግተው ብቻ ይስጡ፤ ሰውየው ገብቶት በእጅ ብቻ ያዞርዎታል። አልፈልግም ማለትም መብትዎ ነው።

ጥ፦ ስሽከረከር ያዞረኛል።

ግድግዳውን አትይ፣ የፓርትነርሽን ፊት እይ። ዓይን ለዓይን ማየት ካሳፈረሽ ጆሮውን እይ።

ጥ፦ ላርክና ሮቢን የሚሉት ምንድን ነው?

የሁለቱ ሚናዎች ስም ነው፣ የወፍ ስም። ላርክ በግራ፣ ሮቢን በቀኝ ይቆማል። ብዙ ቦታ ወንድና ሴት ከማለት ይልቅ ይህን ይጠቀማሉ፤ የፈለግሽውን መምረጥ ትችያለሽ።

ጥ፦ ምን ልልበስ? ስንት ሰዓት ልድረስ?

ቀለል ያለ ልብስ፣ ሶሉ ለስላሳና ንጹሕ የሆነ ጫማ፣ ውኃ። ሽቶ አትቀባ፣ የሚያማቸው አሉ። ብዙ ቦታ ጭፈራው ከመጀመሩ በፊት ለጀማሪ አጭር ትምህርት አለ፣ ለእሱ ድረስ። አርፍደህ ከመጣህ ሚክሰሩም ያመልጥሃል።