የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ማስተርስ መማር እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ከያዝሁ በኋላ በደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ አቅራቢያ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በምክር አገልግሎት እየሠራሁ ነው። ከጦርነቱ ወዲህ ወደ ቢሮዬ የሚመጡት ተማሪዎች ጉዳይ ከጥናት ዘዴና ከፈተና ፍርሃት አልፏል። እንቅልፍ የሚነሣቸው፣ ድንገተኛ ድምፅ ሲሰሙ የሚበረግጉ፣ ከጓደኞቻቸው የሚሸሹ ልጆች አሉ። ወደ ሆስፒታል የላክኋቸው መድኃኒት ተሰጥቷቸው ይመለሳሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚያነጋግራቸው ሰው እኔው ነኝ፤ እኔ ደግሞ ለዚህ አልሠለጠንሁም። ስለዚህ ክሊኒካል ሳይኮሎጂን በድኅረ ምረቃ ለመማር ወስኛለሁ። ይህ ሙያ ከካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ በምን ይለያል? ዩኒቨርሲቲ ስመርጥስ ምኑን ልመልከት? እስክገባ ድረስ ምን ብሠራ ይሻላል?

መልስ፦ ከመጀመሪያው ጥያቄዎ ልነሣ። ክሊኒካል ሳይኮሎጂ የተጀመረው እርስዎ በየዕለቱ በሚገጥምዎት ዓይነት ጉዳይ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 ላይትነር ዊትመር በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የሥነ ልቦና ክሊኒክ ሲከፍት፣ የመጀመሪያው ባለጉዳይ ቃላትን አስተካክሎ መጻፍ ያቃተው የ14 ዓመት ተማሪ ነበር፤ ይዛው የመጣችውም መምህርቱ ነበረች። ዊትመር ልጁን ሲመረምር የዓይን ችግር እንዳለበት ተረዳ፤ መነጽር እንዲደረግለትና በትምህርቱም ለብቻው እንዲታገዝ አደረገ። ይህን ታሪክ ያነሣሁት የሙያው ዋና ባሕርይ ስለሚታይበት ነው። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ከማንኛውም ምክር በፊት ችግሩ ምን እንደሆነ፣ ከምን እንደመጣና ምን እንዳቆየው አጣርቶ ማወቅ አለበት፤ ልጁ የማይተኛው በሐዘን፣ በፍርሃት፣ በሚጥል በሽታ ወይም በቤት ውስጥ በሚደርስበት ጥቃት ሊሆን ይችላልና።

ካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ በአብዛኛው የሚያተኩረው በሕይወት ሽግግር፣ በትምህርትና በሥራ ምርጫ፣ በቤተሰብና በትዳር ችግሮች ላይ ሲሆን፣ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ደግሞ ከበድ ያሉ የአእምሮ ሕመሞችን መመርመርንና በንግግር ሕክምና፣ ማለትም በመድኃኒት ሳይሆን በሽተኛውን በማነጋገር፣ ማከምን ይጨምራል። በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር ግን የጠበቀ አይደለም። ሳይካትሪስት የሚባለው በመጀመሪያ በሕክምና ዶክትሬት የተመረቀና መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ነው። በአገራችን ይህ ሥልጠና ራሱ የቅርብ ጊዜ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ሳይካትሪስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን እስኪጀምር ድረስ፣ ሐኪሞቻችን ለዚህ ስፔሻሊቲ ወደ ውጭ አገር መሄድ ነበረባቸው። የንግግር ሕክምና ባለሙያ ማፍራት ደግሞ ከዚህም ዘግይቶ የመጣ ጉዳይ በመሆኑ፣ ተማሪዎችዎ መድኃኒት ብቻ ይዘው መመለሳቸው የአንድ ሆስፒታል ወይም የአንድ ሐኪም ጥፋት ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ከሁሉም ይበልጣል፤ ብዙ አመልካቾች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ይመስለኛል። የዩኒቨርሲቲውን ስም፣ የከተማውን ርቀትና የመኖሪያ ወጪውን ያሰላሉ እንጂ፣ “በሽተኛ ሳነጋግር ማን ይከታተለኛል?” ብለው አይጠይቁም። እ.ኤ.አ. በ1949 በአሜሪካ ቦልደር ከተማ የተደረገው ጉባኤ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ተመራማሪም የሥነ ልቦና ሕክምና ሰጪም ሆኖ እንዲሠለጥን ከወሰነ ወዲህ፣ በብዙ አገሮች ሥልጠናው የክፍል ትምህርትን፣ ምርምርንና በባለሙያ ክትትል የሚደረግ የተግባር ልምምድን አጣምሮ ይሰጣል። በእንግሊዝ 3 ዓመት የሚፈጀው የዶክትሬት ሥልጠና አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው በጤና ተቋማት ውስጥ ነው፤ በአሜሪካም ዶክትሬቱ ከመሰጠቱ በፊት የአንድ ዓመት ሙሉ ኢንተርንሺፕ ይጠየቃል። በእኛ አገር ማስተርስ በአብዛኛው 2 ዓመት ስለሆነና ሁለተኛውን ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ ስለሚሻማው፣ ልምምዱ በቀላሉ ይሸረሸራል።

ክትትሉ ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳስበኝ በምሳሌ ላስረዳ። አንዲት ሠልጣኝ ከገጠር የመጣች እናትን ስታነጋግር ፒኤችኪው-9 የተባለውን የድብርት መጠይቅ ትሞላለች እንበል። ዘጠነኛው ጥያቄ ሞትን ስለመመኘትና ራስን ስለመጉዳት ነው። እናትየዋ አንገቷን ደፍታ “አንዳንዴ ይመጣብኛል፤ ግን እግዜር ያውቃል” ትላለች። ሠልጣኟ ደንግጣ ከመልሶቹ በአንዱ ላይ ምልክት ታደርግና ነጥቡን ወደ መደመር ትሄዳለች። በማግስቱ ሱፐርቫይዘሩ ቅጹን አይቶ “ከዚያስ ምን ጠየቅሻት?” ይላታል። ሐሳቡ ምን ያህል ጊዜ ይመጣል? ከዚህ በፊት ሞክራ ታውቃለች? ቤት ውስጥ የተባይ መርዝ አለ? ካለስ ዛሬውኑ ከቤት ሊያወጣላት የሚችል ማን ነው? የሚያሳስባት፣ ልትኖርለት የምትፈልገው ማን አለ? ሠልጣኟ እነዚህን በመጽሐፍ አንብባቸው ይሆናል፤ ሰው ፊት ቁጭ ብሎ፣ ድምፅን ሳይለውጡ፣ ሳይቸኩሉ መጠየቅን ግን የሚያስተምራት ያ ማግስት ነው። እናትየዋም በዚያው ዕለት ትፈለጋለች። ይህ ማግስት የሌለው ፕሮግራም፣ የትምህርት ዝርዝሩ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት አያወጣም ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ከማመልከትዎ በፊት ከፕሮግራሙ የተመረቁ ሰዎችን ፈልገው ያነጋግሩ። በስንት በሽተኞች ላይ ሠርተው ወጡ? የሚከታተላቸው ሰው ራሱ ሕክምና የሚሰጥ ነበር ወይስ የክፍል መምህር ብቻ? በሳምንት ስንት ጊዜ ያገኙት ነበር? የተመደቡት በአዋቂዎች ክፍል ብቻ ነው ወይስ ልጆችንም አይተዋል? ይህ የመጨረሻው ለእርስዎ ወሳኝ ነው። የክልሉን ጤና ቢሮም አስቀድመው ይጠይቁ፤ በዚህ ዲግሪ የተመረቀ ሰው በምን የሙያ ስም ተመዝግቦ የሥራ ፈቃድ እንደሚያገኝ ከወዲሁ ማወቅ ከብዙ ቁጭት ያድናል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ወደ ወሎ ተመልሰው ለመሥራት ካሰቡ ሥልጠናውን ከዚህ አገር ኑሮ ጋር ማገናኘት የእርስዎ ድርሻ ይሆናል። ወደ እርስዎ የሚመጣ ቤተሰብ በአብዛኛው ከዚያ በፊት ጠበል ወስዶታል፣ ወይም ወዳጃ ተቀምጦ ዱዓ አስደርጎለታል፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱንም አድርጓል። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት ቆጥሮ የሚገሥጽ ባለሙያ በሽተኛውን በመጀመሪያው ቀን ያጣዋል። የት የት እንደሄዱ፣ ምን እንደተባሉና ምን እንደረዳቸው በአክብሮት ይጠይቁ፤ መድኃኒት የጀመረ ሰው ጠበል ላይ ሳለ እንዳያቋርጥም ከቤተሰቡና ከአባቶች ጋር ይነጋገሩ። ቋንቋም እንዲሁ ነው። ከሚሴ ላይ ኦሮምኛ፣ ሰቆጣ ላይ ኽምጣና የሚናገር ሰው ጭንቀቱን በአማርኛ አሟልቶ ላይናገር ይችላል፤ በዚያን ጊዜ የገዛ ልጁን ወይም የትዳር ጓደኛውን አስተርጓሚ ማድረግ ሊነገር የሚገባውን ያስደብቃል።

እስኪገቡ ድረስ የትምህርት ሚኒስቴርን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ይዘጋጁበት፤ ስታቲስቲክስንና የሥነ ልቦና ምዘናን ይከልሱ፤ ብዙ ሰው ማስተርስ ላይ የሚደናቀፈው በእነዚህ ነውና። ደሴ ቅርብዎ ናት፤ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ትምህርት ክፍል አለ፤ በትምህርት ቤትዎ ደብዳቤ አማካይነት ባለሙያዎቹን ቀርበው ስለሚልኳቸው ተማሪዎች የሚመካከሩበትን መንገድ ይፈልጉ። የዓለም የጤና ድርጅት ስፔሻሊስት ላልሆኑ ሠራተኞች ያዘጋጀውን ኤምኤችጋፕ የተባለ የአእምሮ ጤና መመሪያም ያንብቡ። በ5 ክፍለ ጊዜ የሚጠናቀቀውን ፕሮብሌም ማኔጅመንት ፕላስ የተሰኘ የጭንቀትና የችግር መቋቋሚያ ዘዴ የሚያሠለጥን ካገኙ ይግቡበት፤ ለአዋቂዎች የተዘጋጀ ቢሆንም ወላጆችን ሲረዱ ይጠቅምዎታል።

ከአንድ ነገር ግን አጥብቄ ልከልክልዎ። የጦርነቱን ትዝታ ልጆቹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲተርኩልዎ አይጫኗቸው። ይህን በተገቢው ቅደም ተከተል የሚሠሩ ሕክምናዎች አሉ፤ ያለ ሥልጠና ማስተረክ ግን ሕመሙን ሊያባብስ ይችላል። ልጁ ራሱ ከተናገረ ያዳምጡት። እንቅልፉን፣ ምግቡንና ትምህርቱን መልክ ማስያዝ፣ ቤት ውስጥ የሚያምነውን አንድ ሰው መለየት፣ ሲበረግግ ትንፋሹን ዝግ አድርጎ እንዲተነፍስ ማለማመድ ዛሬ ባለዎት እውቀት ሊሠሩት የሚችሉት ነው።

ጥያቄ፦ በወልድያ በነርስነት እሠራለሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ ሳይኮሎጂ ስላልሆነ ይህ በር ለእኔ ተዘግቷል ማለት ነው?

መልስ፦ የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ማስተርስ ብዙውን ጊዜ በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ስለሚጠይቅ የሚያመለክቱበትን ትምህርት ክፍል በቀጥታ መጠየቅ ይኖርብዎታል። ለጤና ባለሙያ የሚቀርበው መንገድ ግን ሌላ ነው፤ በጅማና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የተቀናጀ ክሊኒካልና ማኅበረሰብ አቀፍ የአእምሮ ጤና በማስተርስ ደረጃ ተሰጥቷል። ይህ ሥልጠና ምርመራን፣ መድኃኒት መስጠትንና የማኅበረሰብ ሥራን ስለሚያጣምር፣ ሳይካትሪስት በሌለበት ወረዳ ሆስፒታል ለሚሠራ ሰው እጅግ ይጠቅማል። የንግግር ሕክምናው ክፍል በውስጡ ምን ያህል ጊዜ እንደተሰጠውና በማን ክትትል እንደሚለማመዱት፣ ከላይ ለሐይቁ ጠያቂ እንዳልሁት፣ ከመመዝገብዎ በፊት ተመራቂዎቹን ይጠይቁ።