ልብን «ማስመሰል» ወይስ «ምስለ ፍሰት»?

ሜሪላንድ የሚኖሩ አንባቢ እንዲህ ጠይቀውኛል፦ «የእናቴን የልብ ምርመራ ወረቀት ወደ አማርኛ ስመልስ ‹የደም ፍሰቱን በኮምፒውተር እናስመስላለን› ብዬ ጻፍኩ። እናቴ ‹ልቤን ምን ሊያስመስሉት ነው?› ብላ ደነገጠች። ምን ልበል?»

እናትዎ ልክ ናቸው። «አስመሰለ» ስሙ ከጠፋ ቆይቷል፤ አስመሳይ ተብሎ የተመሰገነ ሰው የለም። «የእንግሊዝኛው ‹ሲሙሌሽን› የመጣበት የላቲኑም ሲሙላሬ ያው አስመሰለ ነው፤ ፈረንጁ ያልተቸገረበት እኛን ለምን ይቸግረናል?» የሚሉ አሉ። ሥርወ ቃሉ እውነት ነው። ታማሚ ግን ቃሉን የሚሰማው ባደገበት ጆሮ ነው እንጂ በላቲን አይደለም።

እኔ «ምስለ ፍሰት» እላለሁ። የሕግ ተማሪዎች የሚሟገቱበትን «ምስለ ችሎት» ብለን የለ? የድሮውንም ምስለኔ ያስታውሱ። «ምስለ እኔ» ከሚለው የመጣ ነው ይባላል፤ በሹሙ ቦታ ቆሞ የሚሠራ ማለት ነው። ይህ ምርመራም እንደዚያው ነው። ከሲቲ ስካን ምስል የታማሚው የልብ ደም ቅዳዎች፣ ማለትም ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሱት ደም ስሮች፣ አምሳያ ይሠራል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ደሙ በጠበበው ቦታ ሲያልፍ ግፊቱ ምን ያህል እንደሚወርድ ያሰላል። ከጥበቱ ወዲያ ያለው ግፊት ከልብ በሚወጣው ትልቁ ደም ስር፣ በአኦርታ፣ ካለው ጋር ሲነጻጸር 0.80 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ጥበቱ የልብን ጡንቻ ደም እያሳጣው ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ ቀድሞ ቀጭን ሽቦ እስከ ልብ ደም ስር ድረስ ማስገባት ግድ ነበር። ሃርትፍሎው የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ይህ ስሌት አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ አምሳያው የደም ስሩ ምስለኔ ሆነ ማለት ነው።

«በግዕዝ ምስለ ‹ጋር› ማለት ነው» ብሎ የሚሞግተኝም አይጠፋም። አዎ፣ «ምስለ ፍቁር ወልዳ» ከተወደደ ልጇ ጋር ማለት ነው። ነገር ግን «ምስል» የሚለው ስምም ከሚከተለው ስም ጋር ሲናበብ (ሲያያዝ) «ምስለ» ይሆናል።

«ፍሰት» ላይ ይጠንቀቁ። «የደም መፍሰስ» ካሉ መድማት ሆነ። በዚህ ምክንያት «ዝውውር» ይሻላል የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ዝውውር ዞሮ መመለስን ይናገራል፣ እዚህ የተፈለገው በአንዲት ጠባብ ቦታ ማለፉ ነው።

ሐኪሞቹ ግን «ሲሙሌሽን» ነው የሚሉት። ጆሮዬን ይቆረቁረዋል። ቢሆንም ቃሉ ገብቷል፤ ላስወጣው ብልም አልችልም። ለእናትዎ እንዲህ ይበሏቸው፦ «የልብሽን ደም ስሮች አምሳያ በኮምፒውተር ሠርተው ደሙ እንዴት እንደሚያልፍ ያያሉ። ልብሽን ማንም አይነካውም።»