ለንደን ላይ እግር የማያደክም መንገድ

እናትህን ይዘህ ለንደን ውስጥ ሳትደክሙ የምትሄዱበት መንገድ ለጠየቅከው፣ ከኬንሲንግተን ቤተ መንግሥት ጀምሩ። ሜዳ ነው፣ ዳገት የሚባል ነገር የለበትም። ሃይድ ፓርክ ውስጥ የሰርፐንታይንን ሐይቅ ዳር ዳሩን ይዛችሁ ዌሊንግተን አርክ የሚባለው ትልቅ የድንጋይ ቅስት ጋ ትደርሳላችሁ፣ ከዚያ በግሪን ፓርክ ወደ በኪንግሃም ቤተ መንግሥት ውረዱ። ሴንት ጄምስ ፓርክ ላይ ግን በፍጹም እንዳትቸኩሉ! ድልድዩ መሃል ቁሙና ወደ ቤተ መንግሥቱ ዞር በሉ፣ ዛፎቹ መሃል ውሃው ላይ ሲታይ በጣም ያምራል። ከ1664 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ የሚኖሩት ትልልቅ ፔሊካኖችም ሐይቁ ዳር ክንፋቸውን ሲያራግፉ ታገኟቸዋላችሁ። ታሪካዊው ቤተ ክርስቲያን ዌስትሚንስተር አቢ ስትደርሱ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችኋል። እናትህ መሃል ላይ ከደከማቸው የግሪን ፓርክ ባቡር ጣቢያ ሊፍት አለው፣ በደረጃ አታንገላታቸው።