ገቢ መገመት ለጀመራችሁ የፍቺ ጠበቆች

ልጆቼ፣

በፍቺ መዝገብ ላይ «ተጠሪ ከፍተኛ ገቢ ስላለው በወር 10,000 ብር ቀለብ ይቁረጥ» ብላችሁ ስትጽፉ ዳኛው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ 10,000 ከየት መጣ? ስሌቱ ከሌለ ቁጥሩን በግምቱ ይቆርጠዋል፣ ይግባኝ ላይም የምትይዙት ነገር አይኖርም።

መጀመሪያ ሕጉን ለዩ። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ 213/1992 ነው፤ ወሎ ላይ የምትሠሩት ግን በአማራ ክልል አዋጅ 79/1995 ነው። ስለሚመሳሰሉ አንቀጽ ከአንዱ ወደ ሌላው መገልበጥ ይቀናል። ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከሄደ ደግሞ የሁለቱም ተከራካሪዎች ፈቃድ መኖሩን አረጋግጡ፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) ይጠይቀዋል።

ደመወዝተኛው ቀላል ነው። ፔይሮሉን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ቁጥር 145 አስቀርቡ። መሥሪያ ቤቱ የተጣራውንና ተቀናሾቹን ብቻ ጽፎ ከላከ ከጡረታ መዋጮው ተነሡ፤ ሠራተኛው የሚቆረጥበት ከመሠረታዊ ደመወዙ 7 በመቶ ነው። 630 ብር ከተቆረጠ ደመወዙ 9,000 ነው ማለት ነው። አበልና የትርፍ ሰዓት እዚያ ውስጥ የለም፤ ለይታችሁ ጠይቁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በባጃጅና በሱቅ ነው። ደሴ ላይ አንድ ባጃጅ ለባለቤቱ በቀን 700 ብር ያስገባል እንበል። በ30 አባዝቶ 21,000 ማለት አይቻልም፤ ጋራዥ የሚገባበት፣ ሹፌር የሚቀርበት ቀን አለ። 25 ቀን ብትይዙ 17,500 ይሆናል። ከዚያ ጎማ፣ ዘይት፣ ፍሬን (ያ ዳገት ፍሬን ይበላል)፣ ኢንሹራንስና ግብር ስታወጡ፣ ወጪው 5,000 ከሆነ 12,500 ይቀራል። የጋራዥ ደረሰኝ ባይኖር እንኳ ባለጋራዡን ምስክር አድርጉ።

አሁን የሚረሳው ይመጣል። ባጃጁ የጋራ ሀብት ከሆነ በክፍፍሉ ግማሹ የሚስቲቱ ነው። ግማሹን ከወሰደች በኋላ መላውን 12,500 የእሱ ገቢ አድርጋችሁ ቀለብ ብትሰሉ አንዱን ብር ሁለት ጊዜ ቆጠራችሁ። ባልየው ራሱ የሚነዳ ከሆነ ግን ለቅጥር ሹፌር ይተርፍ የነበረው የጉልበቱ ዋጋ ነው፤ ይህ እንደ ንብረት ለሁለት አይካፈልም፣ ሙሉ በሙሉ በአቅሙ ይቆጠራል። ንብረቱ የሚያስገኘውንና እጁ የሚያስገኘውን በሁለት መስመር ጻፉት። ተቃራኒው ጠበቃ የሚይዘው ያጣል።

ገበሬ ላይ በጥማድ ጀምሩ፤ አራት ጥማድ ወደ አንድ ሄክታር ነው። የይዞታ ደብተሩን ተመልከቱ፣ ምርቱን በኩንታል አስሉ፣ ዘርና ማዳበሪያ ቀንሱ። መሬቱን ምርቱን ለሚካፈለው አራሽ በእኩል ከሰጠ ግማሹን ብቻ ያዙ። እንደ ደላንታ በልግ በሚጠበቅበት ደጋ አንድ የጠገበ ዓመት ይዞ መቅረብ ማታለል ነው፤ የሦስት አራት ዓመት አማካይ ይሻላል።

ቤት ስትውል ለኖረች ሴት «ወጣት ናት፣ መሥራት ትችላለች» ሲባል ዝም አትበሉ። የት? በስንት? ልጁን ማን ይዞላት? የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ወረቀት ካላት፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ከሆነ እሱንም አትደብቁ፤ የተደበቀ ነገር በመስቀለኛ ጥያቄ ሲወጣ ቀሪውን ቃሏን ሁሉ ያበላሻል። ከጅዳ ወይም ከቤይሩት ስትልክ የነበረው ሐዋላም ለጋራ ሀብት ክርክር ጥሩ ማስረጃ ነው። ዛሬ ኮምቦልቻ ላይ ሥራ ለፈታች ሴት ግን የገቢ አቅሟን አያሳይም።

ሥራዬን ለቀቅሁ የሚል ባል ሲገጥማችሁ ሁለት ቀን አስተያዩ፤ መልቀቂያው የተጻፈበትንና መጥሪያ የደረሰበትን። መልቀቂያው ከመጥሪያው ሳምንት ቢዘገይ የቀድሞው ደመወዝ እንዲያዝ ጠይቁ። በሕመም ወይም በድርጅት መዘጋት ከሆነ ግን አትድረቁ።

የስሌቱን ገጽ ከአቤቱታው ጋር አያይዙት፣ ቅጂውንም በእጃችሁ አቆዩት። ሰውየው ገቢው ተለወጠ ብሎ ቀለቡ እንዲሻሻል ሲያመለክት፣ ከምን ተነሥቶ ወደ ምን እንደሄደ የምታሳዩት በዚያ ገጽ ነው።