ጊልጋሜሽን ይዤ የት እገባለሁ ላልሽኝ

ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የሥነ ጽሑፍ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። «የሰው ልጅና ተፈጥሮ በጥንታዊ የጀግንነት ግጥሞች» የሚለውን የመመረቂያ ርዕስሽን አማካሪሽ «በጣም ሰፋ» ብሎ መለሰብሽ፤ አባትሽ ደግሞ «ይሄ እንጀራ ይሆናል ወይ?» አሉሽ። ሁለቱም ተገቢ ነገር ነው ያነሡት።

አማካሪሽ ልክ ነው። እንዲህ የሰፋ ርዕስ ይዘሽ ብትቀርቢ ማንም አያስታውስሽም። እኔ ብሆን በሸክላ ጽላቶች ላይ ከተጻፈው ከጥንታዊው የባቢሎን ግጥም ከጊልጋሜሽ አምስተኛውን ጽላት ብቻ እይዝ ነበር። የኡሩክ ከተማ ንጉሥ ጊልጋሜሽና ጓደኛው ኤንኪዱ ጫካው ደጃፍ ደርሰው የዝግባውን ቁመት እያዩ ፈዘው ይቆማሉ። (መጽሐፍ ቅዱሳችን «የሊባኖስ ዝግባ» የሚለው ዛፍ ከእኛ አገር ዝግባ የተለየ መሆኑን በግርጌ ማስታወሻ ጻፊ።) እ.ኤ.አ. በ2011 የኢራቁ የሱለይማኒያ ሙዚየም ያገኘው የሸክላ ጽላት ለዚህ ትዕይንት ድምፅ ጨመረለት፦ ወፉ ይንጫጫል፣ ጦጣው ይጮኻል፣ የጫካው ጠባቂ ሁምባባም ዜማ እንደሚቀርብለት ንጉሥ ያደምጣል። ሁለቱ ጓደኛሞች ሁምባባን ይገድሉታል፤ ዛፉን ይጥሉታል። ያኔ ኤንኪዱ ታላቁን አምላክ ኤንሊልን አስቦ «ጫካውን ምድረ በዳ አደረግነው፤ ለኤንሊል ምን ብለን እንመልሳለን?» ይላል። ይህን ብሎም ከቆረጡት ዝግባ ቁመቱ 72 ክንድ የሆነ በር ለዚያው ለኤንሊል ቤተ መቅደስ ይሠራል። በኋላ ታሞ ሊሞት ሲል የሚራገመው ያንኑ በር ነው። ኡሩክ ያለችበት ሜዳ ጭቃና ሸምበቆ እንጂ ለትልቅ ሕንፃ የሚሆን እንጨት አልነበረውም። ጥፋቱን እያወቀ የሚቆርጠው ሰው ምን ፈልጎ ነው? ጥናትሽ ይህን ብቻ ይጠይቅ።

ወደ አባትሽ ጥያቄ ስመጣ፣ በጊልጋሜሽ ስም የሥራ ማስታወቂያ አይወጣም፤ ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም። የደን ጥበቃ ፕሮጀክቶች ግን ገበሬው የነገራቸውን አድምጦ፣ ሰው በሚያነበው አማርኛ የሚጽፍ ሰው ይፈልጋሉ። ስለዚህ በዚህ ክረምት አንድ የቤተ ክርስቲያን ደን ሂጂ። ዙሪያው ሁሉ ታርሶ የደብሩ ጽድና ወይራ ለምን እንደተረፈ ካህናቱንም አጎራባች ገበሬዎቹንም ጠይቀሽ ሁለት ገጽ ጻፊ። ከዲግሪሽ ጋር አያይዘሽ የምታቀርቢው የሥራ ናሙና ይሆንሻል።

በምርምሩ መቀጠል ካማረሽ ደግሞ ጊልጋሜሽ የተጻፈበት የአካድ ቋንቋ ከግዕዝና ከአማርኛ ጋር የሴም ዘር ነው። ቤትን «ቢቱ»፣ ልብን «ሊቡ»፣ ስምን «ሹሙ» ይላል። ጊልጋሜሽ ጫካ የገባው ይህን «ሹሙ» ፍለጋ ነው፤ ቃሉን ያለ አስተርጓሚ ስትሰሚው ልብሽ እንደሚዘል አውቃለሁ። የሙኒክ ዩኒቨርሲቲ የባቢሎን ጽሑፎችን በነፃ በኢንተርኔት ያስነብባል፤ ዛሬውኑ መጀመር ትችያለሽ።

የጠበበውን ርዕስ በዚህ ሳምንት ለአማካሪሽ አሳይው። ሁለቱን ገጽ ስትጨርሺ መጀመሪያ ለአባትሽ አንብቢላቸው፤ ከዚያ ላኪልኝ፣ አብረን እናርመዋለን።